የጂፔን ሸራ የሸጥኩበት ሶስት ሳምንት

"ይሄን ድንኳን መቼ ነው የምታወጣልን?" ትለኛለች እማዬ ጋራዥ በገባች ቁጥር። ድንኳን የምትለው የጂፔን ሸራ ነው፣ ሶፍት ቶፑን ማለቴ ነው፣ ግድግዳ ላይ በገመድ ተሰቅሎ ሁለት ዊንተር ያለፈው። እዚህ ኦሮራ ኮሎራዶ የምንኖርበት ቤት ጋራዥ ጠባብ ነች፣ የልጆቹ ብስክሌት አለ፣ የእማዬ በርበሬ አለ፣ የክረምት ጎማ አለ፣ እና ሸራው ከነብረቱ ግማሹን ግድግዳ ይዞት ነበር። ባለፈው ወር በቃ ልሽጠው ብዬ ቆረጥኩ። ሶስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያየሁትን ልፃፈው ያልኩት እኔ ስጀምር በአማርኛ የፃፈ ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ነው፣ ጂፕ የሚነዳ ሐበሻ ደሞ እዚህ ሰፈር ብቻ እንኳን ስንት አውቃለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ራንግለር የሚባለው ጂፕ ጣሪያው ይወልቃል። ወይ ጠንካራው ሃርድ ቶፕ ይገጠምለታል ወይ ሸራው፣ በሮቹም ይነቀላሉ፣ የፊት መስታወቱም ብሎኑ ተፈቶ ኮፈኑ ላይ ይተኛል። ሸራ ለጂፕ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1941 ለጦርነት መሰራት የጀመረው ዊሊስ ጂፕም ጣሪያው ሸራ ነበር። ራንግለር የሚለው ስም የመጣው በ1987 ሞዴል ነው፣ ከዛ ወዲህ ያለው እያንዳንዱ ትውልድ በሁለት ፊደል ይጠራል፣ ዋይጄ፣ ቲጄ፣ ጄኬ፣ አሁን ደሞ ጄኤል። የኔ ጄኬ ነው፣ የ2012፣ ባለ አራት በሩ። ይሄን ፊደልና ዓመት ያዙልኝ በኋላ እመለስበታለሁ ምክንያቱም አንድ ሰው ያስቀየምኩት በሱ ምክንያት ነው።

ሸራ ያለው መኪና የምወደው ከአባቴ የተነሳ ነው። አባቴ የመንግስት መስሪያ ቤት ሹፌር ነበር፣ የሚነዳው ላንድሮቨር ከኋላው ሸራ የለበሰ ነበር፣ ከክፍለ ሀገር ሲመለስ ቅዳሜ ጠዋት ደጅ አቁሞ ያጥበዋል፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ አግዳሚው ወንበር ላይ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን እንጫወታለን። የሸራው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ የናፍጣ፣ የአቧራና የዝናብ ሽታ አንድ ላይ። ከኋላ የሚጠቀለለውን ሸራ አባቴ በጠፍር ሲያስረው ሁለቴ ነበር የሚፈትሸው፣ አንዴ ጎትቶ፣ ከዛ ሄድ ብሎ ተመልሶ መጥቶ ደሞ ይጎትተዋል። እኔ ይሄን ጂፕ በ2016 ስገዛ መጀመሪያ የደወልኩት ለሱ ነው። "አባዬ መኪና ገዛሁ፣ ጣሪያው ሸራ ነው" ስለው ዋጋውን አልጠየቀኝም፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው አላለኝም፣ "ዝናብ ያስገባል ወይ?" ነው ያለኝ። አያስገባም አልኩት። ያኔ እውነቴን ነበር።

ከዛ በዛ ሸራ ብዙ አየንበት። በጋ ላይ ሸራውን ወደ ኋላ አጥፈን ሞስኪቶ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ድረስ ወጥተናል፣ 13,185 ጫማ ማለት ነው፣ በኛ ወደ 4,019 ሜትር፣ የሳነቴን አምባ የሚያውቅ ሰው ያንን ብርድና ያንን ሰማይ ያውቀዋል። ሞአብ ዩታም ሁለቴ ሄደናል፣ ቀዩ አሸዋ አገር። ትልቋ ልጄ የመጀመሪያዋን ኮከብ የቆጠረችው ከዛ ጂፕ የኋላ ወንበር ላይ ቀና ብላ ነው።

ሁለተኛዋ ስትወለድ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሸራ በሀይዌይ ፍጥነት ይጮሃል፣ ይርገበገባል፣ ህፃን ይዘህ ስልሳ ሰባ ማይል ስትነዳ ከባለቤትህ ጋር ለመነጋገር መጮህ አለብህ፣ በጃንዋሪ ደሞ ሂተሩ ሙሉ እየሰራ እግርህ ይቀዘቅዛል። ባለቤቴ አንድ ቀን ህፃኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ዝም ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፣ በሳምንቱ ያገለገለ ሃርድ ቶፕ ፈልጌ ገዛሁ። ሸራው ወርዶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በየሜይ ወሩ እመልሰዋለሁ እያልኩ ሁለት ሜይ አለፈ። ሃርድ ቶፕ ከባድ ነው፣ ብቻህን አታወርደውም፣ ሰው መለመን አለ፣ ማስቀመጫ ቦታ አለ.. እና ዝም ብሎ የተሰቀለ ሸራ እየደረቀ እየተኮማተረ ነው የሚሄደው። የሚጠቀምበት ሰው ይውሰደው ያልኩት ለዚህ ነው።

አወረድኩትና መሬት ላይ ዘረጋሁት። የፕላስቲክ መስኮቶቹን ሳስቀምጣቸው እንዳይፋተጉ በመሃል በመሃላቸው የእማዬን አሮጌ ነጠላ አድርጌ ነበር፣ ይሄ እስከ ዛሬ ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ጥሩው ነው፣ ሁለቱ የጎን መስኮቶች ልክ እንዳስቀመጥኳቸው ነው የጠበቁኝ፣ ጭረት የለ ምን የለ። ሶስተኛው ማለትም ትልቁ የኋላው ግን መሃሉ ላይ አንድ ስንዝር የምትሆን ነጭ መስመር አለችው፣ እሷን ያመጣኋት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ወጣ ብዬ የኋላውን መስኮት ጠቅልዬ ነበር፣ ፀሐይ ነበረ ግን ብርድ ነበር፣ ሲጠቀለል ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ፣ ስዘረጋው መስመሯ እዛው አለች። የመኪናው መመሪያ መፅሐፍ ላይ በግልፅ ተፅፏል፣ ሙቀቱ 41 ፋራናይት ማለት 5 ሴልሺየስና ከዛ በታች ሲሆን ሸራውን አታውርድ መስኮቱንም አትጠቅልል ይላል። ያንን ያነበብኩት መስመሯ ከመጣች በኋላ ነው። ይሄን የምታነቡ ሸራ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ዛሬውኑ አንብቡት።

ዚፖቹ ጥርስ ውስጥ አሁንም የሞአብ ቀይ አሸዋ አለ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ዚፕ በዚፕ፣ ከላይ ወደ ታች። ውሃው ባልዲ ውስጥ ቀይ ሆነ። ትልቋ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና "ይሄ የዛን ጊዜው አፈር ነው?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ ብሩሹን ተቀበለችኝና የግራውን የኋላ ዚፕ እሷ ጨረሰችው። ዚፑ ከደረቀ በኋላ ሲሊኮን ይቀባል፣ የመኪና ግሪስ እንዳትነኩ አሸዋ ይሰበስባል። መስኮቱ ደሞ የቤት መስታወት መወልወያ አይወድም፣ አሞኒያ ያለው ነገር ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ በደረቅ ሶፍትም አይወለወልም፣ መጀመሪያ ብዙ ውሃ ይፈስበትና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ነው። ሁለት ምሽት ፈጀብን።

ሳፀዳው ሁሉንም ጉድለቱን አገኘሁት። መስኮቷ ላይ ያለችው መስመር አንድ። በቀኝ በኩል ከኋላ ጥጉ ላይ ብረቱ ጨርቁን እየፈተገ የቀደዳት አራት ሳንቲሜትር የምትሆን ቀዳዳ ሁለት፣ ከውስጥ ቪኒል ለጥፌባታለሁ፣ ከባድ ዝናብ ሲሆን ግን ጠብ ጠብ ትላለች። እና የበር ማቀፊያዎቹን ከቱቦው ጋር የሚያጠብቁት በእጅ የሚዞሩ ጥቁር ብሎኖች፣ አንዷ የለችም። ጋራዡን አገላብጬ ፈለግኳት፣ የለችም።

አንድ የምቀርበው ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ሸራው ተዘርግቶ አየና "ቀዳዳዋን ምን አስወራህ፣ በዚህ በኩል ፎቶ አንሳው አይታይም፣ ገዢው ራሱ ይየው" አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ለኔ አስቦ ነው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚሸጠው። እኔ ግን አልዋጠልኝም። የሚገዛው ሰው እኮ ልጆቹን ከስር አስቀምጦ ነው የሚነዳው። በዛ ላይ አስቡት፣ ሰውየው ሰላሳ አርባ ማይል ነድቶ መጥቶ ቀዳዳዋን ራሱ ካገኛት ከዛ በኋላ የምናገረውን አንዱንም አያምነኝም፣ ደህናውን ሁሉ ይጠራጠራል። ስለዚህ ቀዳዳዋን በቅርበት አነሳኋት፣ መጠኗ እንዲታወቅ አጠገቧ የሃያ አምስት ሳንቲም አስቀምጬ። የመስኮቷን መስመር ከኋላዋ ጥቁር ጨርቅ አድርጌ አነሳሁ። እና እነዚህን ሁለት ፎቶዎች መጨረሻ ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ፎቶ ቀጥሎ አደረግኳቸው።

ዋጋ ላይ ብዙ አሰብኩ። አዲስ ከነብረቱ ሙሉው ስትገዛ ከአንድ ሺ ዶላር በላይ ነው፣ ጨርቁ ብቻውን በብዙ መቶ። ያገለገለ ሸራ ዋጋው ያለው ጨርቁ ላይ ብቻ አይደለም፣ እንደውም ጨርቅ ያልቃል ይቀየራል። ዋጋው ያለው ሙሉነቱ ላይ ነው። ሃርድ ቶፕ ብቻ ይዞ የተሸጠ ጂፕ ያለው ሰው ሸራ ልግጠም ቢል ጨርቅ ብቻ አይበቃውም፣ ሸራውን የሚሸከሙት ቅስት ብረቶች ያስፈልጉታል፣ የበር ማቀፊያዎቹ የግራ የቀኝ የፊት የኋላ ያስፈልጉታል፣ የኋላው መስኮት ታችኛው ጠርዝ የሚገባበት ረጅሙ ዘንግና የሚቀመጥባቸው ሁለቱ መያዣዎች ያስፈልጉታል። እነዚህን አንድ በአንድ ልግዛ ያለ ሰው የሚያወጣው ገንዘብም ጊዜም ያሳዝናል። እኔ ጋ ከዛች አንዷ ብሎን በቀር ሁሉም አለ። 550 ዶላር አልኩ።

ማስታወቂያውን ኢንተርኔት ላይ በለጠፍኩ በሰዓቱ ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። "አለ?" "አለ" ትላለህ ከዛ ጠፋ። "የመጨረሻው ስንት ነው" የሚል ሳያየው። አንዱ "200 አሁን እመጣለሁ" አለ፣ አልመለስኩለትም። ሁለት ሰው ደሞ ሊበሉኝ የሞከሩ ነበሩ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ ምክንያቱም አዲስ የመጡ ልጆቻችን እየተበሉበት ነው። የመጀመሪያው በጣም ትሁት ነው፣ "ብዙ አጭበርባሪ ስላለ እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ፣ ስልክህ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይገባል እሱን ላክልኝ" ይላል። ቁጥሩ በስልክ ቁጥርህ አካውንት የሚከፍትበት ነው። ለማንም፣ ለማንም እንዳትልኩ። ሁለተኛው ዋጋ ሳይከራከር "ክፍያ ልኬያለሁ ግን አካውንትህ የቢዝነስ ስላልሆነ ተይዟል፣ 300 ጨምረህ ላክና ይለቀቅልሃል" የሚል ከባንክ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ይልክልሃል። ባንክ እንደዛ አይሰራም። አካውንታችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፣ ብሩ ከሌለ የለም። እኔ ከዛ በኋላ በጥሬ ገንዘብ በአካል ብቻ አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምንገናኘውም ሰፈራችን ያለው ፖሊስ ጣቢያ ፓርኪንግ ላይ፣ እዚህ አገር ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ያለ መገበያያ የተለየ ቦታ አላቸው፣ ማንም አይቀየምም።

አሁን ወደ ዓመቱ ልመለስ። ማስታወቂያው ላይ "ጄኬ ባለ አራት በር" ብዬ ነበር የፃፍኩት፣ ዓመቱን አልፃፍኩም፣ ጄኬ ጄኬ ነው ብዬ። አንድ ሰውዬ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ደወለ፣ ከሰባ ማይል ያላነሰ መንገድ ነው፣ ጨርቁን ብቻ ነው የምፈልገው ብረቱ አለኝ አለ፣ እኔም እሺ ጨርቁን ለይቼ በ250 እሰጥሃለሁ አልኩት። መጣ። ከስራ በኋላ ነው የመጣው፣ የስራ ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁ ላይ ቀለም አለ። የሱ ጂፕ የ2008 ነው። ጨርቁን አምጥተን የሱ ብረት ላይ ለማስቀመጥ ስንሞክር አልሆነም፣ እኔ ሙቀት አንሶት ነው ብዬ እጎትታለሁ እሱ ከዛ በኩል ይጎትታል፣ ሩብ ሰዓት ታገልን፣ አልገጠመም። ከዛ ቁጭ ብለን ስልካችን ላይ ስናነብ ለካ ፋብሪካው በ2010 ብረቱን ቀይሮታል፣ የ2007፣ 2008፣ 2009 ጨርቅ አንድ ነው፣ ከ2010 እስከ 2018 ያለው ሌላ ነው፣ አይለዋወጡም።

ሰውየው አልተቆጣም። ያ ነው የከበደኝ። "እኔም መጠየቅ ነበረብኝ" ብሎ ጓንቱን አወለቀ። ሃያ ዶላር ለቤንዚን ብዬ ብሰጠው አልቀበልም አለ፣ ከዛ እማዬ ከውስጥ ነገሩን ሰምታ ኖሮ ሻይና ዳቦ ይዛ ወጣች፣ እንግሊዝኛ አትችልም ግን "በሞቴ" ብላ ፊቱ ስትይዘው ገባው መሰለኝ ቆሞ ጠጣ። ብሩንም በመጨረሻ ወሰደ። የዛን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ማለት እችላለሁ፣ አንድ የስራ ቀን የደከመ ሰው ዓመቱን ስላልፃፍኩ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ቆየ። ተነስቼ ማስታወቂያውን እንደገና ፃፍኩት።

ይሄን ለሚሸጡም ለሚገዙም ልንገራችሁ። የሻንሲ ቁጥሩ አስረኛዋ ቦታ የሞዴል ዓመቱን ትነግርሃለች፣ ከሾፌሩ በኩል የፊት መስታወቱ ስር ከውጭ ይነበባል። ጄኬ ከሆነና አስረኛዋ ላይ ቁጥር ካለ፣ ሰባት ስምንት ወይ ዘጠኝ፣ የድሮው ብረት ነው። ፊደል ካለ፣ ኤ ቢ ሲ እያለ የሚሄደው፣ አዲሱ ነው። የኔ ሲ ናት፣ 2012። ጨርቅ ብቻ የሚገዛ ሰው ሲደውል በቃ አስረኛዋ ምንድናት ብሎ መጠየቅ ነው፣ ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ባለ ሁለት በርና ባለ አራት በር ደሞ በጭራሽ አይገናኙም፣ ርዝመቱ ይለያያል፣ ይሄን በትልቁ ፃፉት ምክንያቱም በትልቁ ብትፅፉትም ይጠይቋችኋል።

አዲሱ ማስታወቂያ ረጅም ሆነ። ዓመቱ፣ የበሩ ብዛት፣ ምን ምን እንዳለው አንድ በአንድ፣ ቀዳዳዋ፣ መስመሯ፣ የጎደለችው ብሎን፣ ቀለሙ ጥቁር የፋብሪካው፣ የኋላ መስኮቶቹ ጠቆር ያሉ፣ ማጨስ በሌለበት ቤት የቆየ። ጓደኛዬ አይቶ "ይሄን ማን ያነበዋል" አለኝ። ለአራት ቀን ስልኩ ፀጥ አለ፣ እውነት ለመናገር እኔም ሰጋሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ መልእክት መጣ፣ እንዲህ ነበር የሚለው፣ "አነበብኩት። የኔ የ2015 ነው አስረኛዋ ፊደል ኤፍ ናት፣ ባለ አራት በር፣ ሃርድ ቶፕ ብቻ ነው ያለው። እሁድ ጠዋት ከልጄ ጋር ልምጣ?" አለ ወይ አላለ፣ የመጨረሻው ስንት አላለ። በቃ ይሄ ሰው ነው አልኩ። ቅዳሜ ማታ ፖሊስ ጣቢያው ጋ ተገናኝተን ተያየን፣ ከዛ እሁድ ቤት ይምጡ አልኩ ምክንያቱም መገጣጠሙን ማሳየት ፈልጌያለሁ።

ከሎንግሞንት ነው የመጡት፣ እሁድ ጠዋት በኤፕሪል፣ ሃርድ ቶፑን ቤታቸው አውርደው ጣሪያ በሌለው ጂፕ፣ አባትና የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ሁለቱም ወፍራም ጃኬትና የሱፍ ኮፍያ አድርገው አፍንጫቸው ቀልቷል። ጂፑ የልጅቷ ሊሆን ነው፣ በክረምት ስራዋ የሸራውን ብር ግማሹን እሷ ናት የምትከፍለው። አባትየው "እሷ ነች የምትገዛው እኔ ሹፌር ነኝ" አለኝ። ልጅቷ ስልኳ ላይ የኔን ማስታወቂያ ከፍታ እያየች እያንዳንዱን ብረት ቆጠረች። ቀዳዳዋ ጋ ስትደርስ ጣቷን ከውስጥ አስገብታ የለጠፍኩትን ዳበሰችና "ይሄ ደህና ነው፣ እኔ ከላይ እደግምበታለሁ" አለች። ብዙ አልተከራከሩኝም። 450 ብላ ጀመረች፣ ለምን ስላት "አንድ ብሎን የለም፣ መስኮቱን አንድ ቀን እቀይረዋለሁ" አለች፣ ምክንያቷ ትክክል ነው፣ እሺ አልኳት።

ከዛ መግጠሙ። የበር ማቀፊያዎቹን ቱቦው ላይ አስቀመጥን፣ በእጅ አጠበቅን፣ ቅስቶቹን በብሎን አሰርን፣ ሸራውን ወደ ፊት ዘረጋነው.. እና ከፊት መስታወቱ ጫፍ ሶስት ጣት አጠረ። ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። እኔ የስፕሪንግሱ ሰውዬ ትዝ አለኝና ልቤ ዘለለ፣ ግን ዓመቱ ልክ ነው፣ ብረቱም የራሱ ነው። ስልኬን አየሁ 52 ፋራናይት ነው። ቪኒል ሲበርደው ይኮማተራል፣ ከሰባ በላይ ሲሆን ነው እንደልብ የሚለጠጠው፣ በተለይ ሁለት ዓመት ተጣጥፎ የቆየ። በጉልበት ከጎተትከው ስፌቱን ነው የምትቀደው። አውርደን ድራይቭዌዩ ላይ ፀሐይ ያለበት ጋ ጥቁሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገን አነጠፍነው፣ ከስሩ ብርድ ልብስ አድርገን። ጋራዥ ውስጥ ያለውን ትንሿን ሂተርም ለኮስኩ።

አንድ ሰዓት ቆየን። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ እማዬ ዳቦ ቆረሰች፣ አባትየው ሁለተኛውን ሲኒ ሲጠጣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሶስተኛውንም አልፈራም። ልጄና ልጅቷ ሸራው አጠገብ ተንበርክከው በእጃቸው እየዳበሱ ሙቀቱን ይለካሉ። ፀሐዩ ከፍ ሲል እጅህን ስታሳርፍበት ጨርቁ ይለሰልሳል፣ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ እጥፋቶቹ ራሳቸውን ይለቃሉ። በድጋሚ ጫንነው፣ እኔ ከግራ አባትየው ከቀኝ ዝም ብለን ያዝን፣ ልጅቷ ውስጥ ገብታ የፊቱን ሁለት መቀርቀሪያ ይዛ ቀስ ብላ ሳበች። ግጥም። ያንን ድምፅ ሁለት ዓመት አልሰማሁትም ነበር። የኋላውን መስኮት ዘንጉ ላይ አስገባች፣ ዚፖቹን ከላይ ጀምራ ዘጋች፣ የግራው የኋላ ዚፕ ጋ ስትደርስ ልጄ "እሱን እኔ ነኝ ያጠብኩት" አለቻት፣ አንዴ እንኳ ሳይያዝ ወረደ።

ሲጨርሱ ልጅቷ ሄድ ብላ ጂፑን ዞራ አየችው፣ ከዛ ተመልሳ መጥታ የኋላውን ጥግ በእጇ ጎተት አደረገችው። ምንም አልተናገርኩም። አባቴ ያረፈ ሶስት ዓመቱ ነው።

ነጠላውንም ሰጠኋት፣ መስኮቶቹን ስታወልቅ በመሃላቸው እንድታደርገው። እማዬ ሰማችና ሌላ ያልተቀደደ አለ ብላ ገብታ ይዛ መጣች።

ግድግዳው ባዶ ሆነ፣ የልጆቹን ብስክሌት ሰቀልኩበት። ብስክሌቱን ስሰቅል መሰላሉን አነሳሁ፣ መሰላሉ እግር ስር፣ አቧራ ውስጥ፣ ያቺ ጥቁር ብሎን ቁጭ ብላለች። ወዲያው አድራሻቸውን በመልእክት ጠየቅኩ፣ ጠዋት ወደ ስራ ስሄድ ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ ላክኩላት። ሐሙስ ዕለት ፎቶ ላከችልኝ፣ የሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ አጥብቃታለች።